ገብስ የማይገባበት ቤት

ባለፈው እሑድ ልጃችን ሰናይት ከአዲስ አበባ መጣች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ በላስቲክ የታሸገ ዳቦ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «እማዬ፣ እዪው! ያንቺ ዓይነት ዳቦ ሱቅ ውስጥ መሸጥ ጀመረ። ስንዴም ገብስም የለበትም» አለች። እኔ ላስቲኩ ላይ የተጻፈውን ላነብ መነጽሬን ስዳብስ፣ ባለቤቴ አስቴር ወደ ጓሮ ወጥታ እጇን ታጥባ ተመለሰች። ከዳቦው ቆረስ አድርጋ አሸተተችው፣ ቀመሰችው፣ ብዙ አላመጠችው። «ደግ ነው» አለች በመጨረሻ፤ «የእማማ አጸደን ግን አያህልም።»

ሰናይት ሳቀች። እማማ አጸደ እናቴ ናት፤ ነፍሷን ይማርና ካረፈች ገና ዓመት አልሞላትም። ለሰናይት የአያቷ ዳቦ ማለት ከትምህርት ቤት ስትመለስ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ይጠብቃት የነበረ ትኩስ ቁራሽ ነው። ያ ዳቦ በስንት ጭንቅ እንደተገኘ አታውቅም። ያን ጊዜ እሷ ቀን ከሌት የምታለቅስ ጨቅላ ነበረች፤ እኔ ደግሞ ሚስቱን ሊቀብር የተዘጋጀ ወጣት ነበርኩ። ሰናይት ሻንጣዋን ልትፈታ ጓዳ ስትገባ እኔ ዳቦው ፊት እንደተቀመጥኩ በሐሳብ ጭልጥ ብዬ ሄድኩ።

ዲላ የገባሁት በአንድ ትምህርት ቤት አስተማሪነት ተመድቤ ነው። ዩኒቨርሲቲው ያኔ ገና ኮሌጅ ነበር፤ ከተማዋም ከአንድ ጫፍ ተነስቶ ሌላው ጫፍ ለመድረስ ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ የሚበቃት ነበረች። የመንዝ ልጅ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ውርጭ እየረገጥኩ ያደግኩ ሰው ዲላ ስደርስ፣ ሁሉ ነገር አረንጓዴ፣ ሁሉ ነገር እርጥብ፣ ጓሮው ሁሉ እንሰትና ቡና ሆኖ ሳገኘው ልቤ ደነገጠ። አስቴር እዚያው ትምህርት ቤት ታስተምር ነበር። በይርጋጨፌ በኩል፣ የዱመርሶ ልጅ ናት፤ አባቷ ቡና ገበሬ፣ እናቷ እማማ አማረች ደግሞ በቤተ ክርስቲያናቸው ዝማሬ ውስጥ ድምፃቸው ከሩቅ የሚለይ ሴት ነበሩ። እኔ ኦርቶዶክስ፣ እሷ ጴንጤ። እንዴት እንደተጋባን ሌላ ረጅም ወሬ ነው፤ ዛሬ አላነሳውም።

ሰናይት መስከረም ላይ ተወለደች። ደንቡ አራስ እናቷ ቤት ሄዳ መታረስ ቢሆንም የዚያ ዓመት ዝናብ የዱመርሶን መንገድ አጨቅይቶት ስለነበር አስቴር ዲላ ቀረች፤ እናቴ ከመንዝ ልትንከባከባት መጣች። ከአውቶብስ ስትወርድ ያየኋት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። ጋቢዋ በዝናብ ረጥቧል፣ ከኋላዋ ደግሞ ረዳቱ እያማረረ አንድ ትልቅ ጆንያ ከጣራ ላይ ያወርዳል።

«ምንድን ነው እማዬ?» አልኳት።

«ገብስ ነዋ! በሶው አለ፣ የገንፎው ዱቄት አለ፣ ቆሎው አለ። እዚህ አገር ለአራስ የሚሆን እህል መኖሩን በምን አውቄ?»

በእናቴ አገር ገብስ የእህል ንጉሥ ነው። ሕፃን ጡት የሚጥለው በገብስ ነው፣ የታመመ የሚነሣው በገብስ ነው፣ ሽማግሌ ጥርሱ ሲያልቅ የሚጦረው በገብስ ነው። ከእንሰት የሚጋገረውን ቆጮ ግን ከእህል አልቆጠረችውም። አንድ ጊዜ ቀምሳው ሳህኑን ቀስ አድርጋ ወደ እኔ ገፋችና «ግንድ እኮ ነው ልጄ፤ ግንድ ለአራስ ይሰጣል?» አለችኝ። ልጃቸውን ሊጠይቁ ጭቃውን በእግራቸው አቋርጠው የመጡት እማማ አማረች አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

እናቴ ገንፎውን በሥርዓቱ ታገነፋው ነበር። በማማሰያ እያሸች፣ መሃሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤውንና በርበሬውን ታፈስበትና ትኩሱን ለአራሷ ታቀርባለች። አስቴር መጀመሪያ በደስታ በላች። ከዚያ ሆዷ መነፋት ጀመረ። «አራስ ናት፣ ያለ ነው» ተባለ። ቀጥሎ ተቅማጥ ያዛት፤ የበላችው ሁሉ አልረጋም አለ። አፏ ውስጥ ቆሰለ። ፀጉሯ በማበጠሪያው እየተጠመጠመ ይወጣ ጀመር። ሁለተኛው ወር ሳይጋመስ ጡቷ ደረቀና ሰናይት በጡጦ የላም ወተት ላይ ወደቀች።

ጎረቤት ዝም አላለም፤ መቼስ የዲላ ጎረቤት ደግ ነው። ፔርሙስ ያልያዘ ጠያቂ አይመጣም። አንዷ የገብስ አጥሚት፣ አንዷ የአጃ፣ አንዷ ስንዴና ገብስ ከኑግ ጋር የተቀላቀለበት ይዘው ይመጣሉ። «ጠጪ የኔ እናት፣ ጉልበት ይሆንሻል» ይሏታል። አስቴር የሰው ፊት ላለማሳፈር ትጠጣለች። በጠጣች ቁጥር ትከሳለች፣ በከሳች ቁጥር ሌላ ፔርሙስ ይመጣል። እኔው ራሴ ኩባያውን ደግፌ አጠጣት ነበር።

ሐኪም ቤት ያልሄድንበት የለም። አሜባ ነው ተባለ፤ የአሜባ መድኃኒት ዋጠች። ታይፎይድ ነው ተባለ፤ የታይፎይድ። እናቴ ጠበል አስመጣች። እማማ አማረች እጃቸውን በልጃቸው ራስ ላይ ጭነው ላብ እስኪያጠምቃቸው ጸለዩ። አስቴር ሁለቱንም አልተቃወመችም፤ የመቃወሚያ አቅሙም አልነበራትም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔም መንገድ ያሳየኝን ሁሉ ተከተልኩ። አንድ የማላውቀው ሰው ሻይ ቤት ውስጥ ስለ አንድ ቅጠል ቢነግረኝ፣ ተማሪዎቼን ትቼ ቅጠሉን ፍለጋ ዳገት ወጥቼ በጭቃ ተንከባልዬ ተመለስኩ።

ከሁሉ የባሰው ሹክሹክታው ነበር። የዚያን ዘመን ሰው ወጣት ሴት ከስታ ስታልቅ ምን እንደሚያስብ ያውቃል። ሁለታችንም ተመረመርን፤ ነጻ ነን። ግን ነጻ ነኝ ብሎ አደባባይ ወጥቶ የሚጮህ ማን ነው? መምህራን ማረፊያ ስገባ ወሬ ይቆማል። የቤት አከራያችን ሚስት ሰናይትን ማቀፍ ተወች። እኔ ዕለት ዕለት ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ስመለስ ከበሩ ላይ ለቅሶ ብሰማስ እያልኩ እሄድ ነበር።

ኅዳር ላይ እማማ አማረች ከዱመርሶ እንደገና መጡ። መንገዱ ደርቋል። ልጃቸውን አዩና ቁጭ ሳይሉ ተናገሩ። እማማ አማረች አማርኛ ሲናገሩ ወንድና ሴት ብዙ አያስጨንቃቸውም።

«ልጄ አለቀ። እኔ ቤት ይሂድ። ከሞተም እዚያ ይሙት፣ እኔ እጅ ላይ» አሉ።

አስቴርን ከነልጇ በሚኒባስ ጭነን፣ ከመኪናው መውረጃ በኋላ ያለውን መንገድ ወንድሞቿ በቃሬዛ ወሰዷት። ቃሬዛው ከከበዳቸው ብዬ ልተካ ብጠይቅ ታላቅ ወንድሟ «ምን ክብደት አለው ብለህ ነው?» አለኝና ፊቱን አዞረ።

እዚያ ትቻት ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ዱመርሶ ያን ሰሞን ቡና በቡና ነበር፤ ቀይ እሸት በየደጁ፣ የሰው እጅ ሁሉ የሚጣበቅ፣ አየሩ የተላጠ ቡና ሽታ የታመቀበት። ቅዳሜ ሲደርስ በፍርሃት ሄድኩ። ግቢው ስገባ አስቴር ከደጅ፣ የቡና ማድረቂያው አልጋ ጥግ ተቀምጣ የተበላሸውን ፍሬ ትለቅማለች። ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። ምሳ ላይ ቆጮውን በጎመንና በአይብ እየጎረሰች ሳያት ደግሞ የማየው ሰው ሌላ መሰለኝ። በሚቀጥሉት ቅዳሜዎች ፊቷ ደም እየመሰለ፣ ጡቷም ጠብ ጠብ ማለት እየጀመረ መጣ።

«አየሩ ነው» አልን ሁላችንም። የመንደሩ ሽማግሌም፣ ፓስተሩም፣ እኔም። እናቴ ዲላ ብቻዋን ቀርታ ነበርና ስነግራት ደስታዋና ኀዘኗ ተቀላቀለ። «እንግዲያ ያልተስማማኋት እኔ ነኝ ማለት ነው» አለችና ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች።

ጥር ላይ አስቴር ወደ ዲላ ተመለሰች። እናቴ ቤቱን ጠራርጋ፣ ድፎ ዳቦ ደፍታ፣ ገንፎውን አገንፍታ ጠበቀቻት። እንዲህ ያለ አቀባበል ለሙሽራም አይደረግም። አስቴር በላች፣ አመሰገነች፣ ሳመቻት። ሳምንት ሳይሞላ ወደ ሽንት ቤት ስትሄድ መንገድ ላይ ወደቀች። ከመሬት ሳነሣት ዱመርሶ ላይ የተመለሰላት ሥጋ ሁሉ እንደ ሕልም ሄዷል። ያን ቀን ነበር ተስፋዬ የተቆረጠው። ተሽሏት ካየሁ በኋላ መውደቋ፣ ጭራሽ ሳይሻላት ከመቅረቱ የበለጠ ሰበረኝ።

አዋሳ ወሰድኳት። ያየን ሐኪም ወጣት፣ ዓይኑ በድካም የቀላ ሰው ነበር። መድኃኒት ከመጻፉ በፊት ታሪኩን ከመጀመሪያው ጠየቀኝ። ዱመርሶ ላይ ስደርስ ብዕሩን አስቀመጠ።

«እዚያ ምን ትበላ ነበር?»

«ቆጮ። ቡላ በወተት። ጎመን፣ ቦሎቄ፣ አቮካዶ።»

«ዳቦስ?»

«ኧረ ዱመርሶ ማን ዳቦ ይጋግራል!»

«እዚህ ስትመጣስ?»

ገንፎ፣ በሶ፣ አጥሚት፣ ዳቦ እያልኩ ዘረዘርኩለት። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «እርግጠኛ አይደለሁም» አለኝ፤ «ማረጋገጫው ምርመራ እኛ ጋ የለም። ግን አንጀታቸው ስንዴና ገብስ የማይችል ሰዎች አሉ። ለሌላው ምግብ የሆነው እነሱን ውስጥ ውስጡን ያቆስላቸዋል። ሁለቱንም ተዉ፤ አጃም ይቅር። ትንሽ ብናኝ እንኳ እንዳትቀምስ። ከተሻላት እሱ ነው።»

«ካልተሻላትስ?»

አስቴርን አየት አድርጎ ካርዱን ወደ ማገላበጥ ተመለሰ።

ለእናቴ መንገሩ ከሁሉ ከበደኝ። ሦስቴ አስደገመችኝ። «ገብስ? ገብስ ሰው ያሳምማል?» አለች። እኔን ሳይሆን ሐኪሙን ታዘበችው። ቢሆንም «እሺ፣ የሐኪም ቃል አይጣልም» ብላ ጆንያውን አስራ ከአልጋዋ ሥር አስገባችው።

ከዚያ ወዲያ የምግብ ነገር ለሁላችንም አዲስ ትምህርት ሆነ። ገንፎው በቡላ ተተካ፤ ቡላ እንሰት ተፍቆ ሲጨመቅ ከውሃው ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ነገር ነው፣ ሲበስል እንደ ሐር ይለሰልሳል። አጥሚቱም ቡላ በወተት ሆነ። በስንዴ ቂጣ ፈንታ የጤፍ ቂጣ ተፈርፍሮ በቅቤ ይታሻል። ለቆሎ ሽምብራ፣ በሾርባ ውስጥ ለምትገባው መኮሮኒ ድንች። ይህ ሁሉ ቀላል ነበር። ያሰቃየን እንጀራው ነው። የጤፍ ብለን የምንገዛው ቅልቅል ሆኖ ተገኘ። በቤት እናቡካ ስንል እርሾውን ከጎረቤት ተበደርን፤ ሊጡ ከተቦካ በኋላ ነው የጎረቤታችን ሊጥ ገብስ እንዳለበት ትዝ ያለን፤ ከነእርሾው ደፋነውና ከንጹሕ ጤፍ ሌላ እርሾ እስኪወጣ ጠበቅን። ወፍጮ ቤት ደግሞ ከፊትህ ስንዴ ያስፈጨ ሰው ካለ መጀመሪያ የሚወርድልህ የሱ ትርፍራፊ ነው። ስለዚህ ከጤፌ በፊት ጥቂት በቆሎ አስፈጭቼ ያንን ለአከራያችን ዶሮዎች እሰጥ ነበር። ባለ ወፍጮው «ቲቸር፣ ዶሮ ዱቄት የሚበላበት ቤት የአንተ ብቻ ነው» ይለኛል። ዶሮዎቹ ግን ወፈሩ።

አስቴርም ትንሽ ቀና አለች። ተቅማጡ ጋብ አለ፤ አንድ ቀን ሰናይትን አቅፋ እስከ በረንዳው ወጣች። ተመስገን አልኩ። ከዚያ ምንም ምክንያት ሳይኖር እንደገና ተመለሰባት። እንጀራውን ተውን፤ አልተሻላትም። ቡላ ብቻ አደረግን፤ አልተሻላትም። ሐኪሙ ተሳስቷል ማለት ነው አልኩ። ከዚህ ወዲያ የሚሞከር ነገር አልቀረኝም።

መጋቢት ገብቶ ዝናቡ ጀምሯል። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቆርቆሮው ሲጮህ ሰው ለሰው አይደማመጥም። አስቴር እጄን ያዘችና ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ተፌ፣ ሰናይትን እናቴ ጋ አድርጋት። አንተ ወንድ ነህ፣ አትችላትም። ሲቆይ አንተም አግባ» አለችኝ።

«እንዲህ አትበዪ» አልኳት።

«ማን ይበልልኝ ታዲያ? ማንም የሚለው የለም።»

ፊቴን እንዳታይብኝ ተነሥቼ ወጣሁ። ሌላ መግቢያ ስላልነበረኝ ጓሮ ወዳለው ኩሽና ገባሁ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ድስቱን ታማስላለች፤ በዝናቡ ድምፅ አልሰማችኝም። የነጠላዋን ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። ከውስጡ ጭብጥ የማትሞላ ነገር ዘገነችና ቡላው ላይ ነሰነሰችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ትጸልይ ነበር። ሽታው ደረሰኝ፤ የልጅነቴ ሽታ ነው፣ የተቆላ ገብስ፣ የመንዝ በሶ።

«እማዬ! ምንድን ነው እሱ?»

አልደነገጠችም። የምትደብቀው ክፉ ሥራ ነው ብላ አላሰበችም ነበርና። «ትንሽ ናት ልጄ፣ ለጉልበት። ቡላው እኮ ባዶ ውሃ ነው። ሰው በባዶ ውሃ ይቆማል?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምትጨምሪው?»

«እየደከመች ስትሄድ ጊዜ። እያየኋት በረሃብ ትሙትብኝ?»

ድስቱን ነጥቄ ዝናቡ ላይ ደፋሁት። ምን ምን እንዳልኳት ሁሉ አላስታውስም፤ «ገደልሻት» ማለቴን ግን አስታውሳለሁ። እናቴ በልጅነቴም ጮኼባት የማላውቅ ሴት ናት። ማማሰያውን እንደያዘች ቀረች።

«አትጩህባት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አስቴር ግድግዳ እየያዘች መጥታ ኩሽናው በር ላይ ቆማለች። ዝናቡ ትከሻዋን ያረጥበዋል። «እማማ፣ ሊያድኑኝ ብለው ነው፤ አውቃለሁ። ገና የመጀመሪያው ቀን ነው የገባኝ። ገብስ ጣዕሙ አይደበቅም።»

እናቴ ገረጣች። «እያወቅሽ? እያወቅሽ ነው የምትጠጪው?»

«እንዴት አልጠጣም ልበልዎ? ቆመው እያዩኝ፣ ጨርሺ የኔ ልጅ እያሉኝ። አይሆንም ማለት አፌ እምቢ አለኝ።»

ይሉኝታ ስንቱን ቀብሮታል። አንዷ ከፍቅር ብዛት ታበላለች፣ አንዷ እያወቀች ትበላለች፣ እኔ በመካከል ሐኪም እረግማለሁ። ዝናቡ ላይ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

እናቴ ግን አላለቀሰችም። አስቴርን ደግፋ አልጋዋ ላይ መለሰቻት፤ ልብሷን ቀየረችላት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጆንያውን ከራሷ አልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። እህል አይደፋም፤ ነውርም ኃጢአትም ነው። ተሸክማው ወደ ቤተ ክርስቲያን በር ሄደችና እዚያ ለሚቀመጡት ምስኪኖች አከፋፍላ ተመለሰች። ልሸከምልሽ ብላት አልሰማችኝም። ስትመጣ ማማሰያውን እሳት ውስጥ ከተተችው። ድስቱን ሁሉ በአመድ ፈተገች። የነጠላዋን ጫፍ በሳሙና አጠበች፣ እጇንም እስከ ክርኗ። ሲያልቅላት ብቻ ወደ እኔ ዞረች።

«አማረችን ጥራልኝ» አለች። «የግንዱን አሠራር ታስተምረኝ።»

እማማ አማረች መጡና ሥራ ጀመሩ። ሁለቱ እናቶች በአንድ ጠባብ ኩሽና ውስጥ፣ አንዷ የመንዝ አማርኛ፣ አንዷ የጌዴኦ አማርኛ እየተናገሩ፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ በእጅ እየተግባቡ ሲሠሩ ማየት በሌላ ጊዜ ያስቅ ነበር። እኛ ግን አልሳቅንም። አስቴር እንደምትተርፍ ገና አላወቅንም። በየጠዋቱ መጀመሪያ የማየው ደረቷን ነው፤ ከፍ ዝቅ ይላል ወይ እያልኩ።

ቀናቱ ሄዱ። ተቅማጡ ቆመ። እንደ በፊቱም አልተመለሰም። ቡና በነጭ አበባ ሲሸፈን አስቴር «ዳቦ አማረኝ» አለች። ካመማት ጀምሮ አማረኝ ስትል የመጀመሪያዋ ነው፤ እናቴ ይህን ስትሰማ ኩሽናውን በጦርነት ያዘችው። የበቆሎ ዱቄት ብቻውን ጋገረች፤ እንደ አሸዋ ፈረሰ። «ይሄ ዳቦ ነው አፈር?» ብላ ራሷ ተቆጣች። እንቁላል ጨመረች፤ ያዘ፣ ግን ጥርስ የሚሰብር ሆነ። እማማ አማረች ቡላውን በፈላ ውሃ ቢያበስሉት እንደ ሙጫ እንደሚያያዝ አሳዩዋት። እናቴ ያንን በበቆሎው ዱቄት አሸች፤ በጣም የበሰለ ሙዝ ጨፍልቃ ጨመረችበት፣ ጥቁር አዝሙድ ነሰነሰችበት፣ አሳድራ በኮባ ጠቅልላ ከላይም ከታችም ፍም አደረገችበት። ሲገለጥ አልፈረሰም። ቢላዋው ሲገባ እፍ አለ።

አስቴር ቁራሹን አንሥታ አሸተተችው። «ብዪው» አለች እናቴ፤ ወዲያው ግን ራሷን አረመች። «ደስ ካላለሽ ተዪው። ከዛሬ ጀምሮ እኔን ደስ እንዲለኝ ብለሽ አንዲት ነገር እንዳትበዪ።»

አስቴር በላችው። ሌላም ጨመረች።

እናቴ መንዝ ተመልሳ አልኖረችም። ለዘመድ ሐዘን ትሄዳለች፣ ትመጣለች። ገብስ ግን ቤታችን አልገባም፤ እሷም አፏ አላደረገችውም። በሶ የለ፣ የገብስ ቆሎ የለ፣ ጠላ የለ። ሰርግ ቤት ጠላ ሲቀዳላት ብርጭቆውን በእጇ ትከድናለች። «አንቺ እንኳ ብዪ እማዬ፤ አንቺን ምን አደረገሽ?» ስላት «አፌ ልማድ ነው የሚፈልገው፤ ይልመድ» ትለኛለች። የመንዝ ሴት፣ ከገብስ ሌላ እህል የማታውቅ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በመካከላችን ቆጮና የበቆሎ ዳቦ በልታ አረጀች።

ባለፈው ክረምት አልጋ ያዘች። ምግብ ዘጋት። አስቴር አጠገቧ ተቀምጣ «እማማ፣ ምን ላምጣልዎ? ምን አማረዎት?» ትላታለች። «ምንም» ትላለች እናቴ። አንድ ጠዋት ፊቷን ወደ ግድግዳ መልሳ፣ ለራሷ የምታወራ ያህል «በሶ ነበረ» አለች። ወዲያው ደግሞ «ቀባጠርኩ፣ ተዪው። እዚህ ቤት አይገባም» አለች።

አስቴር ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ገበያ ሄዳ በሶ ገዛች። እኔ ልሠራው ብላት አልሰጠችኝም። በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ ከሰናይት ሕፃንነት ወዲህ ገብስ ነክቶ በማያውቅ እጇ በሶውን በጨውና በቅቤ አሸችው፤ ጨብጣ ጨብጣ አድበልብላ ይዛ ገባች። እናቴ ሽታው ሲደርሳት ዞረች። አየች። አስቴር አጎረሰቻት። አሮጊቷ ዓይኗን ጨፍና አላመጠች፤ እንባዋ በጉንጯ ወረደ። ከዚያ ድንገት ዓይኗን ገለጠችና በሶ በሞላው አፏ «እጅሽን ታጠቢ!» አለች። «ተነሺ! ቶሎ ታጠቢ!» አስቴር ታጥባ እጇን እስክታሳያት ድረስ ሁለተኛውን ጉርሻ አልተቀበለችም፤ ያንንም ከእኔ እጅ ነው የወሰደችው። ሳምንቱ ሳያልቅ ዐረፈች።

እሑድ ዕለት ይህን ሁሉ ሳስብ ሰናይት ከጓዳ ወጣችና ከሱቅ የመጣውን ዳቦ አንድ ቁራሽ ቀመሰች። አልጣማትም መሰለኝ፤ ወደ ላስቲኩ መለሰችው።

«እማዬ፣ የአያቴን ዳቦ አሳዪኝ። ከመጀመሪያው ጀምረሽ» አለች።

አስቴር ከወንበሯ ተነሣች። «ነይ» አለቻት፤ «መጀመሪያ ግን እጅሽን ታጠቢ።»

ጓሮ ያለው ቧንቧ ተከፍቶ ውሃው ሲወርድ ሰማሁ። እኔ ተመልሰው ፊቴን እንዳያዩብኝ፣ መነጽሩ እንደጠፋበት ሰው ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛው ሥር መፈለግ ጀመርኩ።